ባሕሩ የሚሸተው ለምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ በርጫ ላይ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ባሕር በር ዞረ። ድሬ ውስጥ ይህ ወሬ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በርዶ አያውቅም። አንዱ ስለ አሰብ ያወራል። አንዱ ስለ በርበራ። ሦስተኛው ለጅቡቲ ወደብ የምንከፍለውን በጣቱ ያሰላል። ጥግ ላይ ትራስ ተደግፈው የተቀመጡት የምድር ባቡር ጡረተኛ ግን ዝም ብለዋል። ዕድሜያቸውን በድሬና በጅቡቲ መሀል ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ጅቡቲን የማስታውሳት በሽታዋ ነው» አሉ።

«የምን በሽታ?» አለ አንዱ ልጅ ደንገጥ ብሎ።

«ሽታዋ! ሽታዋ ነው ያልኩህ!»

ሳቃችን ሲበርድ ነገሩን አብራሩት። «ባቡሩ ሊገባ ሲል፣ ባሕሩ ገና ሳይታይ ሽታው ይቀድማል። ጨው ነው እንዳትለኝ፤ ጨው አይሸትም። ደስ የሚል ሽታ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው የገማ እንቁላል ይሸታል። አንድ ባሕር፣ ሁለት ሽታ።»

ሌሎቹ ወደ ወደብ ኪራያቸው ተመለሱ። እኔን ግን የእሳቸው ነገር ከነከነኝ። ስለ ባሕር በር ይህን ያህል እያወራን ስለ ባሕሩ አናወራም። ለእኛ ባሕር ማለት ክሬን፣ ኮንቴይነርና ታሪፍ ነው። ውስጡ ማን ምን በልቶ እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም። የጋሼ ሁለት ሽታዎች ደግሞ በቀጥታ ወደዚህ ጥያቄ ይወስዳሉ። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ነገር ነው፤ ኖሮ ከሞተና እየፈረሰ ካለ ነገር።

ሳይንሱ ኦርጋኒክ ቁስ ይለዋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቤታችን ያለ ነው። በርጫው ሲበተን ምንጣፉ ላይ የሚቀረው የጫት ገረባ ኦርጋኒክ ቁስ ነው። የፍየል በጠጥ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽም እንደዚሁ። ሕይወት ያለው ፍጡር የሠራው፣ ካርቦን የተሸከመ ነገር ሁሉ ነው። ሲፈርስ ብስባሽ እንለዋለን።

የብስ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ቅጠሉ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል። ባሕር ውስጥ ግን የሚወድቅበት መሬት ሩቅ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ያንን እጥፍ አድርጉት፤ ውቅያኖስ በአማካይ ያን ያህል ይጠልቃል። ላይ የሞተ ነገር እዚያ እስኪደርስ መንገዱ ሁሉ አፍ ነው።

ከላይ እንጀምር። የባሕሩን ምግብ የሚያበስሉት ለዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ናቸው፤ ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። በምድር ላይ በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ምግብ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን የዓለምን ዕፅዋት ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። እንዴት? ዛፍ መቶ ዓመት ቆሞ ይኖራል። ፕላንክተን የቀናት ዕድሜ ነው ያለው። እንደ ረመዳን ሳምቡሳ ከመጥበሻው ሳይወርድ ያልቃል።

የጋሼ ደስ የሚለው ሽታ የሚመጣው ከዚህ ግርግር ነው። ፕላንክተኑ ሲበላና ሲፈነዳ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። «የባሕር ሽታ» የምንለው በአብዛኛው እሱ ነው። አንዳንድ የባሕር ወፎች ይህን ሽታ ተከትለው ነው ምሳቸውን የሚያገኙት። እኛ የሥጋ ጥብስ ሽታ ተከትለን ከዚራ ሰፈር እንደምንደርሰው ማለት ነው።

ያልተበላው፣ ከተበላም በኋላ የወጣው፣ ቁልቁል ይጓዛል። የሞተ ፕላንክተን፣ ኩስ፣ የተጣለ ቅርፊት፣ ሁሉም በሚያጣብቅ ነገር ተያይዞ እየበነነ ይወርዳል። ሳይንቲስቶች «የባሕር በረዶ» ይሉታል። በረዶ ብርቃችን ለሆነ ለድሬ ልጆች «የባሕር አቧራ» ቢባል ይቀለን ነበር። በቀን የሚወርደው ከጥቂት አሥር ሜትር እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ስለዚህ ወለሉ ለመድረስ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ከላይኛው ውሃ ወደ ታች በየዓመቱ በዚህ መንገድ የሚወርደው ካርቦን ወደ 10 ቢሊዮን ቶን ይገመታል። አብዛኛው 1,000 ሜትር ሳይሞላ ተበልቶ ያልቃል። ወለሉ ደርሶ የሚቀበረው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲጠራቀም ነዳጅ ሆኗል። ባጃጃችን የሚጠጣው ቤንዚን የጥንት ፕላንክተን ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ጨለማው ውስጥ የሚኖሩት ከላይ የሚወርድላቸውን ጠብቀው አዳሪዎች ናቸው። አንዳንዴ ድግስ ይወርድላቸዋል። የሞተ ዓሣ ነባሪ ወለሉ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ሥጋውን፣ ከዚያ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ስብ እየበሉ ለአሥርተ ዓመታት የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ። አጥንት ብቻ የሚበላ ትልም አለ። ይህን ሳነብ አንዳንድ ቅልጥም ወዳድ ወዳጆቼ ትዝ አሉኝ።

የሚወርደው ነገር ግን ከታሪኩ ግማሹ ነው። አብዛኛው የባሕር ኦርጋኒክ ቁስ አይወርድም፤ ሟሙቷል። ሻይ ውስጥ እንደሟሟ ስኳር አስቡት። አይታይም፣ ግን አለ። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ መጠኑ 1 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ውቅያኖሱ ግን ትልቅ ነውና ሲደመር 660 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይሆናል። ከዚህ አንዱ ክፍል ለማንም የማይጥም ሆኖ ጥልቁ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ይቀመጣል። ጣፋጩን ክፍል ደግሞ ባክቴሪያዎች ይሻሙበታል። በአንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ውሃ ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ። እነሱን ትንንሽ ፍጥረታት ይበሏቸዋል፣ እነዚያን ትንሽ የሚበልጧቸው፣ እንዲህ እያለ ዓሣው ድረስ ይሄዳል። የጠፋ የመሰለው ፍርፋሪ ተመልሶ ገበታ ላይ ወጣ ማለት ነው። ይህ መንገድ በሳይንሱ በወጉ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከዚያ በፊት የባሕር ምግብ ታሪክ የትልልቆቹ ታሪክ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። የሞተው ነገር ጥልቁ ውስጥ ሲፈርስ የዕፅዋት ማዳበሪያ ሆኖ እዚያው ይከማቻል። ችግሩ ብርሃኑ ላይ፣ ማዳበሪያው ታች መሆኑ ነው። የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው። እኛ ክረምት በምንለው ወራት ብርቱው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ ሲነፍስ የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ይወስደዋል። ቀዝቃዛው የታች ውሃ ማዳበሪያውን ይዞ ይወጣል። ፕላንክተኑ ይፈላል። ዓሣው ይከተላል። ጅቡቲ አጠገብ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለው ነጠብጣባም ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙና ግዝፈቱ ያስፈራል እንጂ የሚበላው ፕላንክተን ነው፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን ያጣራል። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ጎረምሶች ናቸው። ከድሬ 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ሄዶ ያየ የሰፈር ልጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጅቡቲ ለእኛ ቦንዳ መግዣ ነበረች።

አሁን ሁለተኛው ሽታ። የገማው እንቁላል።

ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ የሚባል ቦታ፣ እንዲሁም ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻ ደሴት ላይ፣ ማንግሮቭ አለ። ጨው ውሃ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው። ግመል ሳይቀር ቅጠሉን ይበላዋል። ሥሩ እርሳስ እንደተተከለ ሁሉ ከጭቃው ወደ ላይ ይበቅላል፤ ምክንያቱም ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ ሥሩ ከላይ መተንፈስ አለበት። ቅጠሉ ሲረግፍ ሸርጣን ይቦጫጭቀዋል፣ ባክቴሪያ ያቦካዋል፣ ሽሪምፕና የዓሣ ጫጩት ይመገበዋል። የተረፈው ጭቃው ውስጥ ይቀበራል። እዚያ ኦክስጅን ስለሌለ ብስባሹ ቶሎ አይፈርስም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ባሕሩ ውስጥ ያለውን ሰልፌት የሚባል ጨው እየተጠቀሙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። የጋሼ የገማ እንቁላል ይኸው ነው።

ስለዚህ ያ ሽታ የቁጠባ ሽታ ነው። እዚያ የተቀበረው ካርቦን ለመቶዎችና ለሺህ ዓመታት ተቆልፎ ይቆያል። ማንግሮቩ፣ የባሕር ሣሩና ጨዋማው ረግረግ አንድ ላይ ከባሕር ወለል 1 በመቶ አይሞሉም። ባሕር ውስጥ ከሚቀበረው ካርቦን ግን ግማሽ ያህሉ እነሱ ጋ እንደሚቀበር ይገመታል። ጭቃውን ቆፍሮ ወደብ ወይም ሪዞርት የሚሠራ ሰው ይህን የቁጠባ ሣጥን ይሰብራል። የተቆለፈው ካርቦን ኦክስጅን ሲያገኝ ተቃጥሎ ወደ አየር ይወጣል። የባሕር በር ስንመኝ ይህም የሒሳቡ ክፍል መሆን አለበት ባይ ነኝ። ወደብ የሚሠራው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም።

ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ማንግሮቭ አንዳንድ ቦታ ይበቅላል፣ አጠገቡ ያለው ዳርቻ ግን ራቁቱን ነው። ጎርደን ሳቶ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ይህን አስተዋለ። ዛፉ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ አልፎ አልፎ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ጎርፉ ከየብስ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ያመጣለታል። ሳቶ ሥሩ ሥር በላስቲክ የታሰረ ማዳበሪያና ቁራጭ ብረት እየቀበረ ባዶ ዳርቻ ላይ ማንግሮቭ አበቀለ። ዓላማው ቀላል ነበር፤ ፍየሎቹ ቅጠሉን እንዲበሉ። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ያለው እንደ ድሬው ደቻቱ ያለ፣ ሲመጣ የሚያስደነግጥ፣ ሲሄድ አሸዋ ብቻ የሚተው ወንዝ ነው። ያ ጎርፍ ነበር የዳርቻው ቀለብ።

ጎርፍ ባሕርን እንደሚቀልብ የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ ግን የእኛው ዓባይ ነው። ዓባይ በየክረምቱ ይዞት የሚወርደው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ ነው። እዚያ ሜዲትራኒያን ሲደርስ ባሕሩ በፕላንክተን ይፈላ ነበር። ሰርዲን የተባለው ዓሣም በዚያ ሰሞን ይመጣል። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ጀመረ። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ። ግብፅ ከዚያ በፊት በዓመት 18 ሺህ ቶን ገደማ ሰርዲን ታጠምድ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያሳዝናል። አላለቀም። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣው ተመለሰ። ምን አምጥቶት? ብዙ ተመራማሪዎች የሚሉት የካይሮና የእስክንድርያ ፍሳሽ፣ እንዲሁም ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ነው። የኢትዮጵያን አፈር የከተማ ሽንት ቤት ተካው። ይህን ስሰማ መሳቅም መተከዝም አልቻልኩም። ባሕሩ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ምግብ ከሆነ ይበላል።

ግን ሲበዛበት ያንቀዋል። ፕላንክተን ከልክ በላይ ሲፈላ፣ ሲሞትም አንድ ላይ ነው። ባክቴሪያው ያንን ሁሉ ሲያፈርስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ዓሣው ወይ ይሸሻል ወይ ይታፈናል። ሚሲሲፒ ወንዝ ከአሜሪካ እርሻዎች የሚያጥበው ማዳበሪያ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ በየበጋው እንዲህ ያለ የታፈነ ውሃ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስፋቱ ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ባሕር ውስጥ ድንጋያማ ግንብ የሚሠራው ኮራል የሚባለው ትንሽ እንስሳ ደግሞ ከሁሉም ቅንጡ ነው። ጥርት ያለ፣ የተራበ ውሃ ይፈልጋል። ቀይ ባሕር በኮራል የታወቀው ወንዝ ስለማይገባበት ጭምር ነው። ፍሳሽ ልቀቁበት፤ አልጌው ይለብሰዋል፣ ጭቃው ያፍነዋል። ለማንግሮቩ ቀለብ የሆነው ለኮራሉ መርዝ ነው። እና ብስባሽ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ፦ የት ላይ? ምን ያህል? ኦክስጅኑስ ይበቃል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ደቻቱ የወረድኩት።

ድሬዳዋና ሐረር ጎረቤት ናቸው፤ ውሃቸው ግን ጀርባ ለጀርባ ነው። በመሀላቸው ባለው ደንገጎ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በዚህ ሲወርድ ወደ ድሬ፣ ከሐረር በኩል ሲወርድ ወደ ኤረር ወንዝና ወደ ዋቤ ሸበሌ ይሄዳል። ዋቤ ሸበሌ ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ አፍንጫ ሥር ይደርስና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ውሃ በጣም የሞላበት ዓመት ካልሆነ ባሕሩን አይነካም። አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ደቻቱ ደግሞ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወጣና አሸዋው ይጠጣዋል። የእኛ ምሥራቅ ብስባሽ ባሕር አይቀልብም ማለት ነው፤ ወይም ከስንት አንዴ።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ከላይ ያለውን እርሻ ያራቁታል፣ ከታች ያለውን ሰው ይጎዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው እንደወሰደ ድሬ አትረሳውም። የተራቆተ ተራራ ውሃ አይዝም። አፈር ውስጥ ያለ ብስባሽ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ብስባሹ ሲያልቅ አፈሩ የሚያነጥር ወለል ይሆናል። ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ ብስባሹ ወደ መሬት የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው። የማሽላው አገዳ ለከብት ነው፣ የቀረው ለማገዶ። ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሌላ ማገዶ የት አለ? ሐሮማያ ሐይቅ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሲደርቅ ሁላችንም ፓምፑን ብቻ ነበር የወቀስነው። ፓምፑ ድርሻ ነበረው። ከዙሪያው ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለልም ድርሻ ነበረው። አሁን ውሃው ተመልሷል፤ ኮረብታው ግን ያው ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ከአወዳይ በየቀኑ ስንት መኪና ጫት ይወርዳል? ቅጠሉ ይቃማል፣ እንጨቱና ገረባው ይቀራል። ጥሩ ኦርጋኒክ ቁስ ነው። ፍየል ትወደዋለች፣ ብስባሽ ቢደረግ መሬት ይወደዋል። እኛ ግን ፌስታል ውስጥ ቋጥረን ከሲጋራ መተርኮሻውና ከውሃ ፕላስቲኩ ጋር ደቻቱ ውስጥ እንጥለዋለን። ፌስታሉ ባይኖር ግማሹ ችግር በራሱ ይፈታ ነበር። ገረባ ይፈርሳል። ፌስታል አይፈርስም። ፍየሏም ሁለቱን አትለይም፤ ሆዷ ውስጥ ፌስታል ይዛ የሞተች ፍየል ያላየ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። የጫት ነጋዴም፣ በርጫ ቤትም ገረባውን ለብቻ ቢያስቀምጡ ዞሮ ዞሮ የሚጠቀመው የጫቱ ማሳ ራሱ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ የሚገዛው በውድ ነው።

በሳምንቱ ያው በርጫ ላይ ተገናኘን። የተማርኩትን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ፕላንክተኑን፣ ማንግሮቩን፣ ሰርዲኑን። በጥሞና ሰሙኝ። የዓሣ ነባሪው አጥንት ላይ ትንሽ ሳቁ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ደረቁ ወንዝ አዩና ጠየቁኝ።

«ደቻቱ ባሕር ይደርሳል?»

«አይ ጋሼ። ሽንሌ ላይ ያልቃል። አሸዋው ይጠጣዋል።»

ጥቂት አሰቡና ትራሳቸውን አስተካከሉ።

«እሱም የባሕር በር የለዋ!»